ጨርቅ ለባሿ መኪና

የጀርመኑ ቢኤምደብሊው በ2008 እ.ኤ.አ. «ጊና» የምትባል ቆርቆሮ የማትለብስ መኪና ሲያሳይ የአውሮፓ ጋዜጠኞች ጉድ አሉ። በብረት አጽም ላይ የተወጠረው ተለጣጭ ጨርቅ ከሥር እየተገፋ ቅርጹን ይለውጣል፤ የፊት መብራቷም እንደ ዓይን ይገለጣል። ለጎንደር ሰው ይህ ምን ያስደንቃል? በፒያሳና በማራኪ የሚርመሰመሰው ባጃጅ ሸራ ለብሶ ሲሮጥ ስንት ዘመኑ! ቅርጽ መለወጥም ከተባለ፣ ዝናብ ሲጥል መጋረጃው ይወርዳል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይጠቀለላል፤ ለሦስት ሰው የተሠራው መቀመጫም በገበያ ቀን ይለጠጣል።

«የእነሱ በሞተር፣ የእኛ በእጅ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ግን ጊና ሙዚየም ገባች እንጂ ለገበያ አልቀረበችም፤ የእኛው ሸራ ሲቀደድ ግን መርፌና ክር ያለው ሁሉ ይሰፋዋል። «ጨርቅ የነገ ነው» ለሚሉንም መልስ አለን፦ ነገሥታታችን ቤተ መንግሥታቸውን በድንኳን ጠቅልለው ከአገር አገር ሲዞሩ ኖረው፣ አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ ጎንደርን ቆርቁረው ወደ ድንጋይ ዞሩ። ጀርመኖች ወደ ጨርቅ የሄዱት እኛ ከጨርቅ ከወጣን ከ370 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ለማንኛውም መሐንዲሶቹ ጨርቃቸውን ይዘው ከደባርቅ ወዲያ ይምጡና ሊማሊሞን ይውረዱበት፤ እዚያ ቁልቁለት ላይ ቆርቆሮም አይበቃም።