የማታ መልእክት፣ የቀን መልስ

«አይተሽ ለምን ዝም አልሽ?»

አየሁ፤ ሰዓቱንም አብሬ አየሁት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 ይላል።

«አንዲት መስመር መልስ ምን ታደክማለች?»

መስመሯ አታደክምም አለቃ። እሷን ለመጻፍ ግን የሦስት ወር ሂሳብ መክፈት አለብኝ፤ ሂሳቡ ደግሞ እርስዎ ቆልፈውት በወጡት ቢሮ ነው ያለው።

«ቴሌግራም ግሩፑ የተከፈተው ሥራ ለማቅለል ነው።»

ቀን ቀን ያቀላል፣ አልክድም። ለአንድ ደብዳቤ ፎቅ ስንወጣ ስንወርድ እንውል የነበረውን ዛሬ በአንድ ፎቶ እንጨርሰዋለን። ማታ ግን ሥራውን እቤቴ ድረስ አስከትሎብኛል።

«ይሄ መልእክት ነው እንጂ ሥራ አይደለም።»

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀኑን ሥራ ከ8 ሰዓት አያሳልፍም። ከዚያ በላይ በአሠሪው ትእዛዝ የተሠራ ትርፍ ሰዓት ነው፦ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል፣ ከ4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ የሕዝብ በዓል ከሆነ በ2.5። (የመንግሥት ሠራተኛና የሥራ መሪ በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደሩት፤ እኔ ሁለቱንም አይደለሁም።) «ትእዛዙ የታለ?» እንዳይሉኝ፤ ከነስምዎ፣ ከነፎቶዎ፣ ከነሰዓቱ ግሩፑ ላይ ተቀምጧል።

«አስቸኳይ ነበራ!»

አስቸኳይን አዋጁም ያውቀዋል፤ አደጋ ሲደርስ ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት ይታዘዛል። መጋዘኑ ከተቃጠለ ይደውሉልኝ፣ በነጠላ ጫማ እደርሳለሁ። የሐሙስ ስብሰባ አጀንዳ ግን እሳት የለውም።

«ማታ ካልጻፍኩት እረሳዋለሁ።»

ይጻፉት እንጂ! የመላኪያዋን ቀስት ጫን ብለው ይያዙ፤ ሰዓት ቀጥሮ መላኪያ ይመጣልዎታል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ብለው ይሙሉት። እርስዎም አይረሱም፣ እኔም ልጄን አስተኛለሁ።

«ሌሎቹ ግን ወዲያው አውራ ጣት አሳይተዋል።»

አውራ ጣት ሪፖርት አይጽፍም። ሁሉም አሳይቶ ሲያበቃ ጠዋት «ማን ሠራው?» ሲባል መላሽ የለም። አንድ ሰው በስሙ ጠርተው ይዘዙ።

«እንዲህ ያለ ጥያቄ የት አገር ነው ያለው?»

ፈረንሳይ። እዚያ ከሥራ ሰዓት ውጪ ከስልክና ከኢሜይል የመራቅ መብት ከ2017 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ በሕግ የሠራተኛና የአሠሪ መደራደሪያ ነው።

«እንግዲያው ከግሩፑ ላስወጣሽ?»

አያስወጡኝ፤ ሥራዬን እወደዋለሁ። ጠዋት ሲልኩት የመጀመሪያዋ መላሽ እኔ ነኝ።