የማያስጠይቁ ማይልስቶኖች አዘገጃጀት

ከገርጂ እስከ ሰሚት ፎቅ የሚያቆም ኮንትራክተር ቀጥሮዎት፣ በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት መርሐ ግብር ያውጡ ተብለዋል እንበል። ባለቤቱ ማይልስቶን ይፈልጋል። አይደንግጡ። ደህና ማይልስቶን «አልቋል ወይስ አላለቀም?» ብሎ ያፋጥጣል፤ የእርስዎ ሙያ ጥያቄው እንዳይነሳ ማድረግ ነው።

መጀመሪያ ስሙ። «የ4ኛ ፎቅ ሶሌታ አርማታ ተሞልቷል» ብለው እንዳይጽፉ፤ ማንም ደረጃውን ወጥቶ ያየዋል። «የስትራክቸር ሥራ አመርቂ ደረጃ» ይበሉት። አመርቂን በሜትር የሚለካ አማካሪ መሐንዲስ ገና አልተወለደም።

ፕሮግራሙ ዱሬሽኑ ላይ ዜሮ ሲጽፉ ጥቁር ዳይመንድ ያወጣል። ዜሮ ስስት ነው፤ 45 ቀን ይስጡትና ማይልስቶን ነው ብለው ምልክት ያድርጉበት። ባሩ ይጠፋል፣ ዳይመንዱ ይቀራል፣ 45ቱን ቀን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ፕሬዴሰሰር የሚለውን ዓምድ ባዶ ይተዉት። ካያያዙት ፌሮ በዘገየ ቁጥር ዳይመንዱ እየተንሸራተተ ያሳጣዎታል። «መስት ፊኒሽ ኦን» በሚለው ቀኑ ላይ ይቸንክሩት። ሲሚንቶ ጠፍቶ ካሳፎርማው የሐምሌን ዝናብ ሲጠጣ ቢከርምም፣ ስክሪኑ ላይ ሶሌታው በቀኑ ይሞላል።

ትልቁ ሀብት ያለው ግን ቀኑ ላይ ነው። ባለቤቱ በጀት የሚዘጋበትን ሰኔ 30 ይልዎታል፤ በፈረንጅ ጁላይ 7 መሆኑ ነው። ሪፖርቱ ላይ «30/10» ብለው ዓመቱን ይተዉት። ለእኛ ሰኔ 30፣ ለፕሮግራሙ ኦክቶበር 30። ወደ አራት ወር የሚጠጋ ጊዜ በነጻ! (ክረምቱም በመሃል ያልፍልዎታል።)

አያት ላይ ከሚነሳው ቀላል ባቡር ምንም እንዳይማሩ። የሰሜን–ደቡቡ መስመር በመስከረም 2008 ተከፈተ፣ የአያት–ጦር ኃይሎቹ በጥቅምት መጨረሻ ተከተለ። ባቡር ወይ ሰው ጭኖ ሄዷል ወይ አልሄደም፤ እንዲህ ያለ ማይልስቶን ማምለጫ የለውም።

ከዘገዩ አዲስ ቤዝላይን (የማነጻጸሪያ ዕቅድ) ያስቀምጡ። ፕሮግራሙ እስከ 11 ይይዛል፤ 12ኛው ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያውን ደምስሰው ከአንድ ይጀምሩ።

ክፍያው ከማይልስቶን ጋር የታሰረ ከሆነ ግን እስካሁን ያልኩትን አይስሙ። የአርማታው የኪዩብ ፍተሻ የ28ኛ ቀን ውጤት መውጣቱን ኮንትራክተሩ ራሱ በጠዋት ደውሎ ይነግርዎታል።