አፕልማ እንዲህ አላደረገም!

ሰሞኑን አዳራሽ ተከራይቶ «የንግድ ሥልጠና» የሚሰጥ ሰው ሁሉ አፉን የሚፈታው በአፕል ሆኗል። መግቢያ ትከፍላለህ፣ ባጅ አንገትህ ላይ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ጆሮው ላይ ማይክ የሰካ ሰው መድረኩን ከዳር እስከ ዳር እየለካ «ስቲቭ ጆብስ ምን አለ?» ብሎ አንተኑ ይጠይቅሃል። ጆብስ ያለውን ልስማ ብለህ ከፍለህ ገብተህ መልስ ሰጪው አንተ! እስቲ እኔ በነፃ ልመልስልህ። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ዋጋው ሁሉ በዶላር ነው፤ ወደ ብር እየመነዘርክ ራስህን አታሳምም።

«አፕል የተጀመረው ጋራዥ ውስጥ ነው» ይልሃል። እንኳን ደስ ያለው! ጋራዥ ያለው ቤት ቢኖረኝ ምን ሥራ ፈጣሪ አደረገኝ? አከራይ እሆን ነበር። ደግሞ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር የነደፈው ስቲቭ ዎዝኒያክ ራሱ ጋራዡ ያለ ልኩ ተወራለት፣ እዚያ የነደፍነው ነገር የለም ብሏል። ይልቅ የማይነገርህን ስማ። በ1976 ኩባንያውን የመሠረቱት ሦስት ናቸው፤ ከጆብስና ከዎዝኒያክ ሌላ ሦስተኛው ሮናልድ ዌይን ይባላል። የተመሠረተው ኤፕሪል 1 ቀን፣ ፈረንጅ እርስ በርሱ በሚዋሽበት ዕለት ነው። ዌይን ዕዳ ቢመጣ የሚወረሰው የእኔ ንብረት ነው ብሎ ሰጋና በ12ኛው ቀን 10 በመቶ ድርሻውን በ800 ዶላር ለቆ ወጣ። የቀሩትን ሁለቱን ያቆማቸው ደግሞ ጋራዡ ሳይሆን ፖል ቴሬል የተባለ ባለሱቅ ነው። 50 ኮምፒውተር፣ እያንዳንዱን በ500 ዶላር፣ ስታስረክቡኝ እከፍላለሁ ብሎ አዘዘ። እነሱም ትእዛዙን ይዘው ዕቃውን በዱቤ አወጡ። ጋራዡ ታሪክ ሆነ፣ ያዘዘው ሰው ተረሳ። ጋራዥ ፍለጋ ደላላ አታሯሩጥ፤ አንድ ባለሱቅ ፈልግ።

«ጥሩ ዕቃ ማስታወቂያ አያሻውም፣ ራሱን ይሸጣል!» ይህን ሲል አዳራሹ ያጨበጭባል። አይ ጭብጨባ! አፕልና ሳምሰንግ በ2012 ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ሲካሰሱ የአፕል የማርኬቲንግ ኃላፊ ፊል ሺለር ምስክር ሆኖ ቀረበ። አይፎን ከወጣ ከ2007 ጀምሮ እስከ 2011 የበጀት ዓመት ድረስ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ለማስታወቂያው የወጣው 647 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ የዚያን ጊዜ ታወቀ። ራሱን የሚሸጥ ዕቃ ይህን ሁሉ ገንዘብ ምን ሊያደርግበት ነው? ትራንስፖርት ነው?

በነገራችን ላይ ማስታወቂያ ያወጣ ሁሉ አይጸድቅም። በ1984 ሪድሊ ስኮት ያዘጋጀው፣ ኮምፒውተሩን አንዴም የማያሳየው የማኪንቶሽ ማስታወቂያ እስከ ዛሬ በየሥልጠናው ይታያል። የኩባንያው ቦርድ ግን አይቶት ደንግጦ ነበር፤ የገዛነውን የአየር ሰዓት መልሰን እንሽጥ እስከ ማለት ተደርሷል። ይህን ሲነግሩህ «ድፍረት ያዋጣል» ብለው ያልፋሉ። በዓመቱ የወጣውን ለምን አያሳዩህም? ዓይናቸውን በጨርቅ ያሰሩ ሱፍ ለባሾች ተሰልፈው እያፏጩ ከገደል ሲገቡ ያሳያል። ተሰላፊዎቹ እነማን መሰሉህ? አፕል ማሽኑን ሊሸጥላቸው የፈለጋቸው የቢሮ ሰዎች! ደንበኛህን ጅል ብለህ ሰድበህ «ግዛኝ» ስትለው ምን ይልሃል? ዝም አሉት። በዚያው በ1985 ሽያጩም ቀዘቀዘ፣ ጆብስም ከገዛ ኩባንያው ወጣ። ለሁለቱም ማስታወቂያ አንድ ዓይነት ድፍረት ነበር የፈሰሰው።

«ደንበኛ የሚፈልገውን አያውቅም፤ አንተ ንገረው!» ይህቺ ደግሞ የተወደደች ናት፤ ስንፍናን ጥበብ ታስመስላለችና። ጆብስ ዕቃ ከመንደፉ በፊት ሰው ሰብስቦ ምን ልሥራላችሁ አይልም ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን የዚያው የሳምሰንግ ክስ ጣጣ ሌላም ነገር አወጣ። አፕል አይፎን የገዙ ሰዎችን በየአገሩ እየጠየቀ መልሳቸውን በምሥጢር ሲያጠና ኖሯል። መድረክ ላይ አልጠይቅም፣ ጓዳ ገብቶ ጥያቄ! አንተ ግን የመድረኩን ይዘህ የጓዳውን ተውክ። ደንበኛህ ሦስት ጊዜ ደውሎ ሲያጣህ «ራእዬን አልተረዳኝም» ትላለህ። ስልክህን ነው ያላነሳኸው እንጂ ምን ራእይ አለው?

ማይክ ማርኩላ የሚባል ከኢንቴል የመጣ ሰው በ1977 ለእነዚያ ሁለት ወጣቶች አንዲት ገጽ ጽፎ ሰጥቷቸው ነበር። ሦስት ነገር ብቻ አለችባት። የደንበኛውን ስሜት ከማንም በላይ ተረዱ፤ ጥቂቱን በደንብ ለመሥራት ሌላውን ሁሉ ተዉ፤ ሰው ዕቃን በመልኩ ይገምታልና አቀራረቡን አሳምሩ። አለቀ። ሠልጣኝ ሆይ፣ ለሦስት ቀን ሥልጠና የከፈልክበት ነገር በአንድ ገጽ ያልቃል። ሦስተኛዋን ለብቻዋ ላንሳት። የአፕልን ሣጥን ሰው ስልኩ ካረጀ በኋላም መጣል ይሳነዋል። እኛ ጋ «መቶ በመቶ ንጹሕ ማር» ልጣፉ በተገሸለጠ የውኃ ላስቲክ ይቀርብልህና፣ ተጠራጥረህ ብታሸት ሻጩ ይቀየምሃል።

ሁለተኛዋ፣ «ሌላውን ተዉ» የምትለዋ፣ ጆብስ ወደ ኩባንያው በተመለሰበት በ1997 ነው ጥርስ ያወጣችው። ኩባንያው በዚያ ዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ፣ ተቀናቃኙ ማይክሮሶፍት 150 ሚሊዮን ዶላር ሲያፈስለት ተቀበለ። የኮምፒውተር ዓይነት ከመብዛቱ የተነሣ ሻጮቹም የቱን ለማን እንደሚመክሩ ግራ ገብቷቸው ነበር። ጆብስ ሰሌዳ ላይ አራት ክፍል ሣለ፤ ለተራው ሰውና ለባለሙያው፣ ለእያንዳንዳቸው የጠረጴዛና የጉዞ። አራት ኮምፒውተር ብቻ፤ ሌላው ተሰረዘ። በ1998 አይማክ የወጣው ከዚያ ቅነሳ ነው። አሁን የአንተን የንግድ ካርድ አውጣና አንብብልኝ። «አስመጪና ላኪ፣ የሶፍትዌር ልማት፣ የሠርግ መኪና ኪራይ፣ ዲጂታል ማርኬቲንግ እና ጠቅላላ ንግድ ሥራዎች።» ወንድሜ፣ ምንድን ነው የቀረህ? እሱን ብትነግረን ይቀላል።

ደግሞ ልብሱ! ጥቁር አንገተ ረጅም ሹራብ ለብሶ መድረክ የሚወጣ ሁሉ ጆብስ ነኝ ይላል። ኤልሳቤጥ ሆምስ የምትባል አሜሪካዊት በ19 ዓመቷ ቴራኖስ የሚባል የደም ምርመራ ኩባንያ አቋቁማ ያንኑ ሹራብ ለበሰች። ከጣት በተወሰደች ጠብታ ደም ብዙ ምርመራ እሠራለሁ አለች፤ ሚሊየነሩም ቢሊየነሩም ገንዘቡን አፈሰሰላት። ማሽኑ ያለችውን አይሠራም ነበር። በ2022 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብላ ከ11 ዓመት በላይ ተፈረደባት። ሹራቡ ልክክ ብሎባት ነበር፤ ያልሠራው ማሽኑ ነው።

ሆምስስ አፕል ቤት ሠርታ አታውቅም እንበል። ሮን ጆንሰንን ምን ልንለው ነው? የአፕልን ሱቆች የመሠረተው እሱ ነው። በ2001 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሱቆች በቨርጂኒያና በካሊፎርኒያ ሲከፈቱ ዐዋቂ ነን ባዮች አይዘልቅም፣ በሁለት ዓመት መብራቱን ያጠፋሉ ብለው ጻፉ። ዛሬ ሱቆቹ በዓለም ከ500 በላይ ናቸው። ጆንሰን ተደነቀ፣ ተጨበጨበለት፤ በ2011 ጄ ሲ ፔኒ የተባለው የቆየ የአሜሪካ ሱቅ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አድርጎ ወሰደው። እሱም የአፕልን ትምህርት በሻንጣ ይዞ ሄደ። አፕል ቅናሽ አይለጥፍም፤ ስለዚህ ቅናሽ ይቅር። አፕል ኩፖን አይበትንም፤ ስለዚህ ኩፖን ይቅር። ዋጋው ከመጀመሪያውም ዝቅ ብሎ፣ ቁርጥ ሆኖ ይለጠፍ። መጀመሪያ በጥቂት ሱቆች እንሞክረው ሲሉት እሺ አላለም፤ አፕል መቼ ሞክሮ ያውቃል!

በወረቀት ሲታይ ትክክል ነው። ቀድሞ በውድ ተለጥፎ ግማሹ ተቀንሶ ይሸጥ የነበረው ሸሚዝ አሁን ከመነሻው በግማሹ ተለጠፈ። ገዢዋ የምትከፍለው ያው ነው። ግን ሴትዮዋ የመጣችው ለሸሚዙ ብቻ አልነበረም፤ ቅናሹን አድና፣ ኩፖኗን ቆርጣ፣ «አሸነፍኳቸው» ብላ ለመውጣት ነበር። ይህን ለመርካቶ ነጋዴ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እሱ «መጨረሻው ስንት ነው?» እንደምትለው ያውቃል፤ ስለዚህ መጨረሻውን መጀመሪያ አይነግርህም። «ለአንተ ብዬ ነው» ብሎ ሲቀንስልህ ዕቃውን ብቻ አይደለም የሸጠልህ፣ ደስታህንም ጨምሮ ነው። ጆንሰን ያን ደስታ በአንድ ቀን ወረሰው። በ2012 የሱቁ ሽያጭ በሩብ ያህል ወደቀ፣ ኪሳራው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። በ2013 ጆንሰን ተሰናበተ፣ የቀድሞው አለቃ ከጡረታ ተጠራ፣ ሱቁም በቴሌቪዥን ቀርቦ እባካችሁ ተመለሱ እያለ ደንበኞቹን ለመነ።

ልብ በል! ይህ ሰው የአፕልን ሱቅ በመጽሐፍ አላነበበም፤ ራሱ ነው የሠራው። እሱ እንኳ ሲገለብጠው ተገለበጠ። አንተ ከአሰልጣኙ፣ አሰልጣኙ ከዩቲዩብ፣ ዩቲዩቡ ከሌላ ዩቲዩብ የገለበጣችሁት ምን ሊሆን ነው?

«ብራንድ ሲኖርህ ጨርቅም ትሸጣለህ» ይልሃል ደግሞ። እውነት ነው፤ አፕል በ2021 የስክሪን መወልወያ ጨርቅ በ19 ዶላር ሸጧል፤ ገዢውም ተሰልፎ ጠብቋል። ጨርቁ የመጣው ግን ኩባንያው በተመሠረተ በ45ኛው ዓመት ነው። አንተ በጨርቁ ጀመርክ።

እኛን በተመለከተ፣ አፕል አዲስ አበባ ውስጥ አንድም የራሱ ሱቅ የለውም። የአፕል ወኪል የዋሽንግተኗ አክስትህ ናት። ዓመት ሙሉ «ስትመጪ አንድ አይፎን» እየተባለች፣ ሻንጣዋን እያስመዘነች፣ ያለ ደመወዝና ያለ ኮሚሽን ታከፋፍልለታለች። ጎረቤት ሲጠይቅም «ከአሜሪካ ነው የመጣው» ብለህ ማስታወቂያውን አንተ ትጨርስለታለህ። አፕል ለዚህ አምስት ሳንቲም አላወጣም፤ ቀድሞ ግን ለዕቃው ጥራት አውጥቷል።

አሁን ወደ ዋጋ እንምጣ፤ ቁርሾዬ እዚህ ነው። «አፕል ውድ ነው፣ አንተም ራስህን አስወድድ» ይሉሃል። አስወድደው የወደቁትንስ? በ1983 ሊሳ የሚባል ኮምፒውተር 9,995 ዶላር ተለጥፎበት ወጣ፤ ዋጋውን አይቶ ሁሉም ሸሸው። በ2007 ደግሞ አይፎኑ በ599 ዶላር በተሸጠ በሁለት ወር ግድም 200 ዶላር ተቀነሰበት። ሌሊት ተሰልፈው የገዙት ሰዎች ጮኹ። ጆብስ «ደንበኛ የሚፈልገውን አያውቅም» አላላቸውም፤ በማግሥቱ በይፋ ይቅርታ ጽፎ ለእያንዳንዳቸው የ100 ዶላር የመግዣ ክሬዲት ሰጠ። ይህን ትምህርት የሚያስተምር አሰልጣኝ ካገኘህ እኔም እከፍላለሁ።

በ2010 አይፓድ ሲወጣ ደግሞ ጆብስ መድረክ ላይ «999 ዶላር» የሚል ትልቅ ቁጥር አሳየ። ዐዋቂዎች ነን ባዮች የገመቱት ነበር። ሰዉ ያንን እያየ ከቆየ በኋላ 499 ከላይ ወርዶ ያን ቁጥር ሰባበረው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ብልጠት ነው፤ የመርካቶው ነጋዴም ያንኑ ነው የሚያደርገው። ልዩነቱ ጆብስ ዋጋውን ዓለም ሁሉ እያየ በትልቁ መጻፉ ነው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ስልክ ይዞ መድረክ ወጥቶ «ዋጋ በኢንቦክስ» ያለበትን ቀን ፈልጌ አላገኘሁም።

የቴሌግራምና የቲክቶክ ነጋዴዎች ሆይ! የጫማውን ፎቶ በስድስት አቅጣጫ አነሣችሁት፣ ሙዚቃ መረጣችሁለት፣ የልብ ምልክት ደረደራችሁበት፣ ዋጋውን ደበቃችሁት። ኢንቦክስ ስንገባ «ሰላም ውዴ» ትሉናላችሁ፤ ዋጋው ግን ነገ ነው። የመንግሥት ምሥጢር ነው እንዴ? እባካችሁ ዋጋውን ከፎቶው ሥር ጻፉልን። ከከበደን ዝም ብለን እናልፋለን፤ ከተስማማን ወዲያው በቴሌብር እንልካለን።