ጡረታ በውሃ ላይ

ለዚህ ሁሉ ጣጣ የዳረጉኝ የለንደን የቤት ኪራይና የእህቴ ልጅ ናቸው። ለኪራዩ መንግሥት ይጠየቅበት፤ የእህቴን ልጅ ግን እኔው እጠይቀዋለሁ። ዕድሜዬን የዚህችን ከተማ ቀይ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ በወጣሁ ማግስት መጣና፣ «ጋሼ፣ ለአንዲት ክፍል ይህን ሁሉ ብር ከሚገፈግፉ ለምን የራስዎን ጀልባ አይገዙም? ኪራይ የለ፣ አከራይ የለ፣ ጎረቤት ሲያስመርርዎ ገመድ ፈትቶ መሄድ ነው» አለኝ። ልጁ የተማረው ኮምፒውተር ነው። ውሃን የሚያውቀው በብርጭቆ ነው።

ይኸው አሁን ሬጀንትስ ካናል ላይ ነኝ። ከሊትል ቬኒስ ተነሥቶ ከተማውን በሰሜን በኩል ዞሮ ላይምሀውስ ላይ ወደ ቴምዝ የሚወርድ፣ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን በእጅ የተቆፈረ ቦይ ነው። በ1820 እ.ኤ.አ. ተመርቆ ሲከፈት የድንጋይ ከሰልና ሳንቃ ሊመላለስበት እንጂ ጡረተኛ ሊተኛበት አልነበረም። ከሰሉ ወደ ባቡርና ወደ መኪና ሄደ፤ ቦታውን እኛ ወረስነው።

የቤቴ ስፋት 2 ሜትር ከ8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እሱም ከውጭ ሲለካ። ተጠያቂው ጄምስ ብሪንድሊ የሚባል መሐንዲስ ነው። ሰውየው በ18ኛው መቶ ዘመን በመካከለኛው እንግሊዝ ቦይ ሲያስቆፍር፣ ውሃና ገንዘብ እቆጥባለሁ ብሎ ጀልባ የሚያልፍባቸውን በሮች ከ7 ጫማ እምብዛም የማይበልጡ አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ሁሉ በእሱ ልክ ተሰፋ። የእኔው ካናል በሮች ሰፋፊ ናቸው፤ ጀልባዋ የጠበበችው ምናልባት አንድ ቀን ወደ በርሚንግሃም መሄድ ብትፈልግ ተብሎ ነው። እኔ በርሚንግሃም ምን ልሠራ? ብሪንድሊ በ1772 እ.ኤ.አ. አርፏል፤ እኔና ባለቤቴ ግን ዛሬም መተላለፊያው ላይ ስንገናኝ አንዳችን ወደ ወጥ ቤቱ ማፈግፈግ አለብን። በትዳር ውስጥ ማን ያፈገፍጋል የሚለውን ጥያቄ በዚህ ዕድሜዬ እንደ አዲስ ልጀምረው?

«ኪራይ የለም» ያለው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። ለጀልባዋ ፈቃድ በየዓመቱ ይከፈላል፤ ለመድን ይከፈላል። ቋሚ ማሰሪያ ቦታ የፈለገ ለንደን ውስጥ የሚጠየቀው ገንዘብ ከሸሸሁት ኪራይ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ቋሚ ቦታ የሌለው ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆም አይችልም። ተነሥቶ መሄድ አለበት፤ ያውም ከልቡ የሚጓዝ መሆን አለበት፤ ከዛፉ ወደ ቀጣዩ ዛፍ ፈቀቅ ማለት አይበቃም። አገር ቤት ሳለሁ ዘላን እያልን የምንቀልድባቸው ሰዎች ግፍ ነው የያዘኝ።

የሐኪም ቤቷ ልጅ አድራሻ ስትጠይቀኝ፣ «የዛሬውን ነው ወይስ የሚቀጥለውን ሳምንት?» እላታለሁ። የባሰውም አለ። አክስቴ አገር ቤት ያረፈች ጊዜ ለቅሶ ሊደርሱኝ የወጡ ወገኖች ቀድሞ የቆምኩበት ቪክቶሪያ ፓርክ አጠገብ ሄደው፣ እዚያ የታሰረችው ጀልባ ውስጥ የነበሩትን እንግሊዛውያን ባልና ሚስት አጽናንተው ተመለሱ። ሰዎቹ ሻይ አፍልተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ነበር አሉ። እኔ ያን ጊዜ ሀክኒ በኩል ብቻዬን ነጠላ አዘቅዝቄ፣ «ምነው ሰው ጠፋ? እንዲህ ነው ወይ ወገን?» እያልኩ ስታዘብ ዋልኩ።

ስለ ሽንት ቤቱ ዝም ልል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ዝም ስላልን ነው የእህቴ ልጅ ዓይነቱ የበዛው። ውሃ ላይ የፍሳሽ መስመር የለም። ሁሉም ነገር 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ ካሴት የሚሉት ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኑ በቀናት ውስጥ ይሞላል፤ ያን ጊዜ አውጥቶ፣ በትንሽ ጋሪ አድርጎ፣ ማፍሰሻው ወዳለበት ጣቢያ መግፋት ነው። ጣቢያው መቼም ቅርብ ሆኖ አያውቅም፤ ሲደርሱበትም አንዳንዴ ተበላሽቷል የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ይጠብቃል። መንገዱ ደግሞ ድሮ ጀልባ የሚጎትቱ ፈረሶች ይሄዱበት የነበረው የቦዩ ዳር ስለሆነ ለንደን በሙሉ ይሮጥበታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያን ጋሪ እየገፋሁ ስሄድ የሰበካ ጉባኤያችን አባል የሆነ አንድ ጨዋ ልጅ አገኘኝ። «ጋሼ! እርስዎ ተሸክመው እኔ ባዶ እጄን? በፍጹም!» አለና ጋሪውን ያዘ። «ተው ልጄ፣ ቀላል ነው» ብል፣ «ኧረ በእመቤታችን!» አለ። እኔ ስጎትት፣ እሱ ሲጎትት፣ ሯጮቹ ቆመው ሲያዩን፣ በመጨረሻ አስተዳደጉ አሸነፈኝና ይዞልኝ ሄደ። ጠላ ነው ብሎ ሳይጠረጥር አልቀረም፤ መንገዱን ሙሉ ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበረ። ስንደርስ ክዳኑን ስከፍት ግን ፈገግታው ወዴት እንደሄደ አላየሁም። እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሩቅ ነው የሚሳለመኝ።

ሎክ የሚሉት ሌላው ግፍ ነው። ቦዩ ቁልቁል መፍሰስ የለበትም፤ ስለዚህ መሬቱ በሚወርድበት ቦታ ሁሉ በሁለት በር የተዘጋ የድንጋይ ጉድጓድ ሠሩ። ጀልባውን ታስገባለህ፣ በኋላህ ትዘጋለህ፣ ውሃውን ከፊት በኩል ትለቅቃለህ፣ ከውሃው ጋር ዝቅ ትላለህ፣ ከዚያ የፊተኛውን በር ከፍተህ ትወጣለህ። ከካምደን እስከ ላይምሀውስ ይህን 12 ጊዜ። ውሃ መልቀቂያዎቹን የምናነሣው በእጅ በሚዞር የብረት እጀታ ነው፤ በሩን የምንከፍተው ደግሞ ከበሩ የተያያዘውን ረጅም ግንድ በጀርባ እየገፋን ነው። ሞተር የለውም፤ ቁልፍ የለውም፤ ጀርባ ነው። የአውቶቡስ በር በአንድ ጣት ስከፍት የኖርኩ ሰው ነኝ!

ካምደን ላይ እዚያው ግንድ ላይ ወጣቶች ተደርድረው ድንች ጥብስ ይበላሉ። «ልጆቼ፣ እባካችሁ ተነሡልኝ» ስላቸው ይነሣሉ፤ ተነሥተውም አያግዙም፣ ስልክ አውጥተው ይቀርጹኛል። ስንት አገር የእኔን ጀርባ እንዳየው እግዜር ይወቀው። ባለቤቴ በበኩሏ መሪውን ይዛ ከታች ትእዛዝ ትሰጣለች፤ እውነትም አላት፣ ጀልባዋ በመውረድ ላይ ሳለች ወደ ኋላ ከቀረች ከኋለኛው በር ሥር ባለው የድንጋይ ደፍ ላይ ጅራቷ ተሰቅሎ አፍንጫዋ ይሰጥማል። ስንቱ ጀልባ በዚህ ሰጥሟል። ግን «ፍጠን!» ማለት ምን ያደርጋል? ፍጥነት የሚባል ነገር እዚህ የለም። ሕጉ የሚፈቅደው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በታሰሩ ጀልባዎች አጠገብ ሲያልፉ ከዚያም ይቀንሳል። በእንግሊዝ ጎዳና ስንቱን ቀድሜ እንዳልኖርኩ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶች እጃቸውን እያወዛወዙልኝ ያልፉኛል።

በእርግጥ ከእኔ የባሰበት አለ። ኢዝሊንግተን ሥር የሚያልፈው ዋሻ 878 ሜትር ነው፤ የፈረስ መንገድ የለውም። በድሮ ጊዜ ፈረሱን ከላይ በኮረብታው ያሳልፉና ሠራተኞቹ ጀልባው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ግድግዳውን በእግራቸው እየረገጡ ያሻግሩ ነበር። እነሱ ግን ጡረተኞች አልነበሩም።

በየመንገዱ ከምንም በላይ የሚያበሽቀኝ ፕሮፔለሩ ነው። የለንደን ሕዝብ የጣለው ሁሉ እሱ ላይ ይጠመጠማል፦ ፌስታል፣ ሽቦ፣ ገመድ፣ አንድ ጊዜማ ሙሉ የአልጋ ልብስ ከነላስቲኩ። ያን ጊዜ ሞተር አጥፍቶ፣ ከኋላ ያለውን ክዳን ከፍቶ፣ በደረት ተኝቶ እስከ ብብት ድረስ እጅን ውሃው ውስጥ መክተትና በቢላ እየቆረጡ ማውጣት ነው። የሞተሩን ቁልፍ መጀመሪያ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ባለቤቴን ሳላምናት ቀርቼ አይደለም፤ «ፍጠን» የምትለው ነገር ስላለ ነው።

ክረምት ሲመጣ በዳር የሚያልፈው ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «አይበርድም?» ምድጃው ሲነድ ያቃጥላል፣ ሲጠፋ ይበርዳል፣ ሌላ ምን ልበል? ጭስ አልባ ከሰል በጆንያ መሸከም፣ አመድ ማውጣት፣ ከመስኮቱ ላይ የሚንጠባጠበውን የትንፋሻችንን ጠል መጥረግ የዕለት ጸሎት ሆኗል። ከሁሉ የከፋው የቡናው ነገር ነው። በዚህች ጠባብ ብረት ውስጥ የከሰል ማንደጃ ማስገባት ሞትን መጋበዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ እንቅልፍ አስመስሎ ይወስዳል፤ እንዲህ የሄዱ አሉ። ስለዚህ ማንደጃው መቅረቱን አልቃወምም፤ ማስጠንቀቂያ ደወሉንም ገጥሜአለሁ። ነገር ግን የጭሱ ደወል ዕጣን አይችልም! ባለቤቴ ገና አንዲት ፍንካች ጣል ስታደርግ ይጮሃል፤ ከማዶ ያሉት ጎረቤቶች ባልዲ ይዘው ይወጣሉ። እንጀራም እንደዚያው። የኤሌክትሪክ ምጣዱን የሰካን ዕለት ባትሪዎቹ በአንድ እንጀራ ሞቱ፤ መብራቱም ጠፋ፤ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ቀረ። ጣሪያ ላይ ያሉት የፀሐይ ሰሌዳዎች በለንደን ታኅሣሥ ምን ፀሐይ ያገኛሉ?

የጋዙን ነገር ግን መርማሪው ሲጨቀጭቀኝ አልከፋኝም። በየአራት ዓመቱ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ግዴታ ነው። ሬጀንትስ ፓርክ የአራዊት መጠበቂያው አጠገብ ባለው ድልድይ ሥር ባለፍኩ ቁጥር ምክንያቱ ትዝ ይለኛል፤ በጥቅምት 2 ቀን 1874 እ.ኤ.አ. ባሩድና ነዳጅ የጫነች ጀልባ እዚያ ፈንድታ ሦስት ሠራተኞቿን ገደለች፤ ድልድዩንም አወደመች። ከብረት የተሠሩት ምሰሶዎች ተርፈው እንደገና ሲተከሉ ዞረው ስለቆሙ፣ የጀልባ ገመድ የፈተጋቸው ቦታ በሁለቱም ጎን ይታያል።

እኔ የጣና ዳር ልጅ ነኝ። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ከሐይቁ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፤ ሲያረጅ ሌላ ያስራሉ። የብረት ጀልባ ግን በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ በክሬን ወይም በገንዘብ ብዛት ከውሃ ይወጣል፤ ሆዱ ይፋቃል፣ ሬንጅ ይቀባል፣ ዝገቱን በራሳቸው ላይ እንዲወስዱ የተበየዱት የማግኒዚየም ቁራጮች ካለቁ ይቀየራሉ። አንድ ባለሙያ ደግሞ በድምፅ ሞገድ የብረቱን ውፍረት እየለካ እንደ ሐኪም ራሱን ይነቀንቃል። መድን ሰጪዎች በተለምዶ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የሳሳውን አይወዱም። የሬንጁ ሥራ «ዓርብ ያልቃል» ያለኝ ሰው ዓርቡ የየትኛው ወር እንደሆነ አልነገረኝም ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ የተቀባው ነገር ውሃ ውስጥ ገብቶ ለማንም አይታይም። በየጠዋቱ ደግሞ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ ከጀልባዋ የሚወጣበት ቦታ ይንጠባጠባል፤ ግራሶውን ትንሽ ጠበቅ፣ የሆዷን ውሃ በፓምፕ ቀነስ ማድረግ አለ።

ባለፈው የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ እሮሮ ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ለምን አንሸጣትም? ገዢ አለኝ» አይለኝም! ገዢው ማነው ብል፣ አብሮት የመጣ ሌላ ኮምፒውተር የተማረ ወጣት ነው። ግራሶ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አያውቅም። ሬንጅ መቼ እንደሚቀባ ጠየቅኩት፤ አያውቅም። በሎክ ውስጥ ስላለው ደፍ ጠየቅኩት፤ ስልኩን አወጣ። እንዲህ ላለ ሰው ጀልባ አይሰጥም፤ ድመትም አይሰጥም። ሁለቱንም ሻይ አጠጥቼ አሰናበትኳቸው፤ ጎንበስ በሉ ሳልል ቀርቼ ሲወጡ ሁለቱም ግንባራቸውን መቱ።

ልትጠይቁኝ ለምታስቡ ወገኖች፦ መጀመሪያ ደውሉ፤ የት እንዳለሁ እነግራችኋለሁ። ዳቦና ለስላሳ መጠጥ አታምጡ፤ ማስቀመጫ የለኝም። ከሰል አንድ ጆንያ ብታመጡ እመርቃችኋለሁ። ጋሪ እየገፋሁ ብታገኙኝ በእመቤታችን ይዣችኋለሁ፣ ላግዝዎ እንዳትሉኝ።