ፌሮን በብየዳ ማድከሚያ ዘዴ

የሶሌታ ፌሮ በሽቦ ማሰር ጊዜ ይፈጃል፤ በደብረ ታቦር ብርድ ደግሞ ጣት ይደነዝዛል። ስለዚህ ፌራዮውን አሰናብቱና በያጅ ጥሩ። መሐንዲሱን ግን እንዳትጠይቁ። ተላልፈው የሚሻገሩ ፌሮዎችን ያለ መሐንዲስ ፈቃድ በነጥብ ብየዳ ማያያዝን የሚከለክሉ የአርማታ ደንቦች ስላሉ ሥራችሁን ያስቆማል።

አምፔሩን በግምት አዙሩ። ለ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ገደማ የሚለውን የካርቶን ጽሑፍ እርሱት። ከዚያ በታች ስታወርዱት ኤሌክትሮዱ ይቀልጣል፣ ፌሮው ግን አይቀልጥም፤ ከላይ ያበጠ፣ ከሥር ያልያዘ ብየዳ ይወጣል። ማታ መብራት ሲዳከም ማሽኑን አትንኩት፣ ያው ውጤት ይገኛል። በማግስቱ ተናዳችሁ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። አሁን የፌሮው ጎን ይበላል። 8 ሚሊው እዚያች ቦታ ላይ 7 ሚሊ ይሆናል፤ የጎደለው አንድ ሚሊ ቢሆንም ኃይል የሚሸከመው የብረቱ ስፋት ሩብ ያህሉን አጣ ማለት ነው። እዚያ ሶሌታ ሥር ልጆች ይተኛሉ።

ትኩሱ ላይ ውሃ ድፉበት፤ ካርቦኑ የበዛ ፌሮ ከሆነ እንደ ሸክላ ይሰበራል። በክረምት ኤሌክትሮዱን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። ከጉና የሚወርደው ጭጋግ ያረጥበዋል፤ ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ገብቶ፣ በያጁ ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ሊሰነጥቀው ይችላል። ከከተማው አለፍ ብሎ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ያወጡትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት። ብረትና እሳት ልክ እንደሚፈልጉ ያን ያህል ዘመን በታወቀበት አገር አምፔር በግምት መዞሩ ያንገበግበኛል።

ፋብሪካ ካላችሁና የፌሮ መረብ የምታመርቱ ከሆነ የምታበላሹበት ሦስት መንገድ አለ፦ ኤሌክትሪኩ፣ ጊዜውና መጫኛው ግፊት። ሙቀቱ በአምፔሩ ካሬ ይጨምራል፤ አምፔሩን እጥፍ ስታደርጉት ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ግፊቱን ስታላሉት ብረቱ እየተረጨ ይባክናል፤ ስታበዙት መገናኛው ላይ ያለው ተቃውሞ ይቀንስና አይሞቅም። የአውሮፓ ደረጃ አንድ መገናኛ ፌሮው ላይመለስ መለጠጥ የሚጀምርበትን ኃይል ሩቡን እንዲሸከም ይጠይቃል። ለ8 ሚሊ ባለ 500 ሜጋፓስካል ፌሮ ይህ ወደ 640 ኪሎ ክብደት ነው፤ ስለዚህ ናሙና ወደ መፈተሻ አትላኩ።

በመጨረሻም ሁለት ቁራጭ በይዳችሁ በመዶሻ እንዳትሞክሩ። ያልያዘው በአንድ ምት ይላቀቅና ሁሉም ሰው ያየዋል። አርማታውን ቶሎ ሙሉበት፤ ከዚያ ወዲያ መዶሻ አይደርስበትም።