ጽዳተኛ ማስመጣት ያዋጣል ወይ? በአቡዳቢና በአል አይን የተካሄደ ጥናት

ሁለቱም ሥራ ውለው የሚገቡ ባልና ሚስት፣ ሙሮር መንገድ አካባቢ አፓርታማ ተከራይተው የሚኖሩ፣ በሳምንት አንድ ቀን ጽዳተኛ ቢያስመጡ ያተርፋሉ ወይስ ይከስራሉ? ጥያቄው አቡዳቢ ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት ቡና ሁሉ ይነሳል፤ መቋጫ ግን አላገኘም። ይህም የሆነው ተወያዮቹ ሥርዓት ያለው የአጠናን ዘዴ ስለሌላቸው ነው። አንዷ «እጄ ተቆርጧል እንዴ!» ትላለች፣ ሌላዋ «ወገቤን ከየት አመጣዋለሁ?» ትላለች፣ ባሎች ስልካቸውን ያያሉ። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። የውጭው ነገር በፈረንጆች ዘመን አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱ ሕግ በእኛው ተጠቅሷል።

በዘርፉ ቀደምት ሊቃውንት አልጠፉም። የምጣኔ ሀብት ሊቋ ማርጋሬት ሪድ በ1934 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ቤት ውስጥ የሚደረግን ነገር ሥራ የሚያሰኘው ሌላ ሰው ተከፍሎት ሊሠራው መቻሉ ነው ብላለች። በዚህ መስፈርት ወለል መወልወል ሥራ ነው፤ መተኛት ሥራ አይደለም፤ ገንዘብ ተቀብሎ የሚተኛልን አይገኝምና። እንግሊዛዊው ፒጉ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1920፣ አንድ ሰው የቤት ሠራተኛውን ቢያገባ የአገር ገቢ እንደሚቀንስ አስተውሏል። ትናንት በደመወዝ ትሠራው የነበረውን ነገ በነጻ ትሠራዋለችና። ፒጉ ይህን ያለው የሒሳብ አያያዙን ጉድለት ለማሳየት ነው፤ በሠርጉ ላይ ያለውን አቋም አልገለጸም። ሁለቱም ሊቃውንት ሐበሻ ቤት ገብተው ቡና ለመጠጣታቸው ማስረጃ የለም። ከዚህ በታች የሚታየው ጉድለታቸው በሙሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ወደ ዋጋው እንግባ። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ ለሠራተኞች 40 ዶላር እየሰጠ፣ አንዱን ቅዳሜና እሑድ ጊዜ የሚቆጥብላቸውን ነገር፣ ሌላውን ቅዳሜና እሑድ ዕቃ እንዲገዙበት አድርጎ ነበር። ጊዜ ሲገዙ ይበልጥ ደስ ብሏቸው ተገኙ። 40ውን በአሜሪካ ዶላር ብናስበው፣ ድርሃም ከ1997 ጀምሮ በ3.6725 ከዶላር ጋር ታስሮ ስለሚኖር 146 ድርሃም ከ90 ፊልስ ይሆናል። አቡዳቢ ውስጥ የጽዳት ድርጅት ሰዓቱን 35 ድርሃም ቢያስከፍል (ረከስ የሚልም፣ ወደድ የሚልም አለ፤ ሳሙናና መወልወያ ይዛ ትምጣ ከተባለ ይጨምራል) አራት ሰዓት 140 ይሆናል። ከ2018 ጀምሮ የሚከፈለው 5 በመቶ ቫት ሲታከልበት 147 ድርሃም። ስለዚህ ከቫንኩቨር ደስታ ጋር ስንነጻጸር የሚጎድለን 10 ፊልስ ብቻ ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ቢያምርም ነገሩ የሚበላሸው ዓርብ ማታ ነው። የኤምሬትስ የሳምንት ዕረፍት ከ2022 ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ ጽዳተኛዋ የምትመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የቤቱ እመቤት ዓርብ ከሥራ ገብታ ቤቱን ዞር ዞር ብላ ታያለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ የምታስጀምረው አንዲት ንግግር ናት፤ «ሰው እንዲህ ሆኖ ሊያየው ነው?»

ሰሃኑ ይታጠባል። ወንበር ላይ የተከመረው ልብስ ተጣጥፎ ቁም ሳጥን ይገባል። ሽንት ቤቱ ክሎሮክስ ይፈስበትና በሩ ይዘጋል። ባልየው «ሶፋውን ያዝልኝ» ይባላል፤ ሶፋው ሲነሳ ካለፈው ፋሲካ የተረፈ ፈንዲሻ፣ የሪሞቱ የባትሪ ክዳንና ከላስቲክ ቄጤማው የተነቀሉ ሁለት ሦስት ቅጠሎች ይገኛሉ። (እውነተኛው ቄጤማ ከአቡዳቢ ሐምሌ ጋር ስለማይስማማ እዚህ የሚጎዘጎዘው የላስቲክ ነው፤ እሱም አቧራ ይዞ ይታጠባል፤ አገር ቤት ቄጤማ ሲታጠብ ያየ የለም።) የመስኮቱ ሀዲድ ውስጥ የሸማል ነፋስ ያመጣው አሸዋ አለ። ደቃቅ ነው፣ ሻይ ቀለም ያለው ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ጭቃ ይሆናል። እመቤቲቱ ጨርቁን ሹካ ላይ ጠምጥማ ሀዲዱን ከዳር እስከ ዳር ትፈለፍለዋለች። እኩለ ሌሊት ያልፋል።

ይህ ሒደት በጥናቱ «ቅድመ ጽዳት» ተብሏል። ልብ በሉ፤ ቤቱ ጸድቷል፣ ጽዳተኛዋ ግን ገና አልመጣችም። 147 ድርሃሙ ከኪስ ሳይወጣ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ገንዘቡ ያሠራው ግን ራሱን ከፋዩን ነው። ይህንን ሪድም ፒጉም አልደረሱበትም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የድርጅቱ ቫን ሕንጻው ሥር ያቆማል። የመጣችው ሴት የኔፓል ወይም የኡጋንዳ ልጅ ከሆነች ጥናቱ የማነጻጸሪያ ቡድን አገኘ ማለት ነው። በተሰባበረ ዓረብኛ ሰላምታ ይሰጣል፣ ወጥ ቤቱ ይጠቆማል፣ እስከ 7 ሰዓት ሥራው ያልቃል። እመቤቲቱ ጽዳቱ እስኪያልቅ ከክፍል ክፍል እየሸሸች ትቆያለች።

የመጣችው ሐበሻ ከሆነች ግን ሌላ ነው። በሩ እንደተከፈተ ሴትየዋ ከቤቱ ውስጥ ረከቦቱን ታያለች፣ እመቤቲቱ ከሴትየዋ አንገት ላይ ማተቡን ታያለች።

«ሐበሻ ነዎት እንዴ?»

«ነኝ፣ የኔ ልጅ።»

«አገርዎ የት ነው?»

«ወሎ። ሐይቅ።»

የእመቤቲቱ አጎት ሐይቅ አስተምሯል። ከዚህ በኋላ ባልዲው በር ሥር እንደተቀመጠ ይቆያል። «እትዬ፣ ቁርስ ቀምሰዋል?» አልቀመሱም። ፍርፍር ይሠራል። ፍርፍር በልቶ ቡና ሳይጠጡ መነሳት የለም፤ ቡና ይቆላል። ዕጣን ስለሚጨስ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ መቆጣጠሪያ በላስቲክ ከረጢት ይሸፈናል (ይህ በኪራይ ውሉ የተከለከለ መሆኑን አጥኚው ያውቃል፤ አይመክርም)። እትዬ በአቦል ላይ «ልነሳ፣ ሥራው» ይላሉ። «ሥራው የት ይሄዳል!» ይባላሉ። ሥራው እውነትም የትም አይሄድም፤ ማታ አልቋል። በቶና ላይ የልጃቸው የማትሪክ ውጤት ይነሳል፣ በበረካ ላይ ይለቀሳል።

እትዬ በመጨረሻ ተነስተው መወልወያውን ሲይዙ እመቤቲቱ ለእናቷ እኩያ ሴት ተቀምጣ ማየት ያቅታትና ሌላ ጨርቅ ይዛ ትከተላለች። አሁን ቤቱ ሁለት ጽዳተኞች አሉት፤ አንደኛዋ ይከፈላታል፣ ሁለተኛዋ ትከፍላለች። ቫኑ ሥር ሆኖ ጥሩምባ ሲነፋ እንጀራ በፌስታል፣ በርበሬ በጠርሙስ ተይዞ፣ «ለልጁ ካልሲ ይግዙበት» የተባለ 50 ድርሃም ተጨምሮ ይወረዳል። የዕለቱ ወጪ 197 ድርሃምና አንድ ሙሉ ጠዋት። ከማነጻጸሪያው ቡድን ጋር ሲተያይ ኪሳራ ነው። የተጠየቁት እመቤቶች ግን ሁሉም «ዛሬማ ቤቴ ተጸዳ!» ብለዋል።

አንዳንዶች ድርጅቱን ትቶ በግል መስማማት ይሻላል ይላሉ። እትዬ በሰዓት 20 ድርሃም ቢስማሙ አራት ሰዓቱ 80 ነው፤ በሳምንት 67 ድርሃም ይተርፋል። ነገር ግን በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ያለ ፈቃድ የቤት ሠራተኛ ያሠራን ሰው ከ50,000 እስከ 200,000 ድርሃም ይቀጣል። ትንሹን ቅጣት ብቻ ብንወስድ፣ በሳምንት 67 እያጠራቀሙ ለመሸፈን 14 ዓመት ከአራት ወር ሳይያዙ መቆየት ይገባል። ዘዴው ለወጣት ጥንዶች ብቻ የሚመከር ነው።

ናሙናውን ለማስፋት ጥናቱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አል አይን ገብቷል። አል አይን ፎቅ የማይበዛባት፣ የተምርና የፈለጅ (የመስኖ ቦይ) ከተማ ናት። ቤቱ ቪላ ነው፣ ቪላው ሆሽ (ግቢ) አለው፣ ሆሹ ከበረሃው ጋር በአጥር ብቻ ይለያል፣ አጥሩን ደግሞ አሸዋው አያውቀውም። ጠዋት የታጠበ በረንዳ ከሰዓት በኋላ እንዳልታጠበ ሆኖ ይገኛል። እዚህ በሰዓት የሚመጣ ሰው ምንም አይፈይድም፤ ሠራተኛዋ አዳሪ ናት።

የ2022ቱ ሕግ ለአዳሪዋ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ስምንቱ ተከታታይ፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ፓስፖርቷም በእጇ ይሁን ይላል። ሕጉ በተከበረበት ቤት ደመወዟ 1,000 ድርሃም ነው ብንል፣ በወር 26 ቀን በቀን እስከ 12 ሰዓት ብትሠራ ሰዓቷ ሦስት ድርሃም ከ20 ፊልስ ነው። ምግብና መኝታ ይታከላል፤ መኝታው ከወጥ ቤት ጀርባ ያለችው ክፍል ናት፣ አስቤዛም ይቀመጥባታል። ያው እጅ፣ ያው መጥረጊያ፣ አቡዳቢ ላይ 35 ድርሃም ይጠራል። ለድርጅት የምትሠራዋም የወር ደመወዝተኛ ስለሆነች 35ቱ በእጇ አይገባም። የቀረው ወዴት እንደሄደ ሲጠየቅ ብዙው በቫኑ ጎማ ማለቁ ተነግሯል።

ሦስተኛው ዋጋ የተገኘው በዕረፍት ቀኗ ነው። የአል አይኗ ልጅ እሑድ ፈቃድ አግኝታ የአክስቷ ልጅ ቤት ትሄዳለች። «ዛሬ እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ» ትባላለች። ተቀምጣ ትበላለች፣ ከዚያ ሰሃን ታነሳለች። ሰሃን ካነሳች ታጥበዋለች፤ ካጠበች ምድጃውን ታየዋለች፤ ምድጃውን ካየች ከጀርባው ያለውን ቅባት ታየዋለች። ማታ ስትመለስ የአክስቷ ልጅ ወጥ ቤት እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም። ዋጋው ዜሮ ነው። እንዲያውም የታክሲ ከራሷ ነው።

አገር ቤት ሰዓቱ ጭራሽ አይቆጠርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አያካትትም፤ ራሱን የቻለ ደንብ ይወጣላታል ብሎ ያልፋታል። እስከዚያው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለላት። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ውስጥ ጽዳተኛ ያዋጣል ወይ የሚል ጥናት የማይካሄደው፤ ምን ተብሎ ይሰላል?

የባሎችን ጉዳይ በይደር አናቆየውም። የኤምሬትሱ ሕግ የቤት ሠራተኛ የሚባሉትን 19 የሥራ ዓይነቶች ይዘረዝራል። እረኛ አለ፣ አትክልተኛ አለ፣ የቤት ነርስ አለ፣ የግል መርከበኛ አለ፣ የጭልፊት ተንከባካቢ ሳይቀር አለ። ዝርዝሩ ደጋግሞ ተነቧል፤ ባል የለበትም። ባልየው ይህን ያወቀ ይመስል ቫኑ ሲመጣ «መኪናውን ላሳጥብ» ብሎ ይወጣና ከአራት ሰዓት በኋላ ይመለሳል። በአቡዳቢ መኪናን አቆሽሾ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ስለሚያስቀጣ ሕጋዊ መሠረት አለው፤ ሽንት ቤት አቆሽሾ የተቀጣ ሰው እስካሁን አልተገኘም። መኪና ማሳጠብ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው በየትኛውም ቡና ላይ ተነስቶ አያውቅም። እጁ መቆረጡንም የጠየቀ የለም።

ጽዳት በሁለት ወገን ስምምነት፣ ያለ ይሉኝታ ዋጋ የወጣለት ገበያ ጥናቱ ያገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሙሰፋህ ሻቢያ፣ ጽዳተኞቹ ራሳቸው አልጋ ተከራይተው በጋራ የሚያድሩበት ክፍል። ማቀዝቀዣው ላይ በቴፕ የተለጠፈ «የጽዳት ተራ» የሚል ወረቀት አለ፤ ስሙ ሁሉ ተሰርዞ በሌላ ተተክቷል። ቀኑን ሙሉ የሰው ሽንት ቤት ስታጥብ የዋለች ሴት ማታ የራሷን ማጠብ አትፈልግም፤ ስለዚህ ተራዋን ትሸጣለች። ክፍያው በብር አይደለም። ተራውን የምትወስድላትን ሴት ጸጉር ትሠራለች። ሒሳቡ የታወቀ ስለሆነ ክርክር የለበትም፤ አልባሶ ከሆነ ሽንት ቤቱ ብቻ ነው፣ ቀጭን ሹሩባ ከሆነ ወጥ ቤቱም ይጨመራል።