ቆቦ ላይ ሬዚን ለሚያፈሱ የተሰጠ ምክር

ውድ አንባቢ፣ እጅዎ ስልክ ከመዳበስ ሌላ ሥራ አጥቶ ከሆነ ይህ ምክር ለእርስዎ ነው። መካሪዎ ማን ነው ቢሉ፣ በሚያዝያ ሬዚን፣ በሰኔ እንዝርት፣ ቀጥሎም ስፌት ጀምሮ አንዱንም ያልጨረሰ ሰው ነው። የጨረሰ ሰው አይጠቅምዎትም፤ የት የት እንደተደናቀፈ ረስቶታል።

ሬዚን ሁለት ፈሳሽ ነው፤ አንዱ ራሱ ሬዚኑ፣ ሌላው ሃርድነር የሚሉት ማጠንከሪያ። ሁለቱ በልክ ሲደባለቁ መስታወት መሳይ ድንጋይ ይወጣቸዋል። አንዳንዱ ዓይነት እኩል በእኩል፣ አንዳንዱ ሁለት እጅ በአንድ እጅ ይለካል። እንደ ወጥ ጨው በእጅ ግምት አይሞክሩት። ማጠንከሪያው ካነሰ እንደ ማስቲካ ሲያጣብቅ ይኖራል፤ ቶሎ ይድረቅልኝ ብለው ቢያበዙትም ያው ነው። ጓንት ያድርጉ፤ ሽታውን ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ከመጣበት ክፍል ያርቁት።

ዋናው ነገር የክፍሉ ሙቀት ነው። ዕቃው ላይ የተለጠፈው መመሪያ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን፣ አቧራም አይድረስበት ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ቆቦን አያውቃትም። ከወልድያ በስተሰሜን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ወርደው፣ በምሥራቅ ዞብልን በምዕራብ ደጋውን ይዘው ሜዳው ላይ ሲቆሙ፣ ሃያ ዲግሪን የሚያገኙት ሌሊት ነው፤ ሌሊቱም ፈቃዱ ከሆነ። አቧራውንስ ቢሉ፣ ክረምት ከደጋ የሚወርደው ጎርፍ ተጠልፎ ማሽላ ያጠጣል፤ በበጋ ያው ጎርፍ ያስቀመጠው ደለል ተነሥቶ በመስኮት ይገባል። የራያ ገበሬ በዚህ ደለል ይከብርበታል። እርስዎ ግን ያፈሰሱት ሬዚን ላይ ሲያርፍ ያገኙታል።

እኔ መመሪያውን በማመኔ የሆንኩትን ልንገርዎ። ሚያዝያ፣ ቀን ስድስት ሰዓት። ያሰብኩት አንዲት የጅጉርቲ ማሽላ ዘለላ በሬዚን ውስጥ አኑሬ ለጠረጴዛ ጌጥ ላደርጋት ነበር፤ ማሽላ ለራያ ሰው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ ይገዛኛል ብዬ። ሁለቱን ፈሳሽ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ሙሉ ደባለቅሁ። አረፋው ይውጣ ብዬ ተውሁት፤ መመሪያው ታገሥ ይላልና ታገሥሁ። ኩባያው መጀመሪያ ለብ አለ። ቀጥሎ ፈጀኝ። ወዲያው ጨሰ፤ ማማሰያዬ መሐል ላይ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለካ ሬዚን ሲጠነክር የራሱን ሙቀት ያወጣል፤ አንድ ላይ ተከማችቶ በቆየ መጠን ደግሞ ይብስበታል። እኔ በውጭ ሙቀት ላይ የውስጥ ሙቀት ጨምሬበት አረፍሁ። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ በትንሽ በትንሹ ይደባልቁ፣ እንደደባለቁ ቶሎ ያፍስሱ፣ ሥራውን ጎሕ ሲቀድ ይጀምሩ። ዘለላውን ደግሞ አጥንቱ እስኪደርቅ ያድርቁት፤ እርጥበት ካለው አረፋ ያወጣል፣ ይጠቁራል። ያ የኩባያ ድንጋይ ዛሬም አለ። ማማሰያው እጀታ ሆኖለት በሩ ንፋስ እንዳይዘጋው ይደገፍበታል። በቤታችን ከሠራኋቸው ዕቃዎች ሁሉ የሚሠራው እሱ ብቻ ነው።

ሙጫና የእጅ ሥራ ግን አዲስ ትውውቅ አይደሉም። ከጋሞ ቆዳ ፋቂዎች አንዳንዶቹ የድንጋይ መፋቂያቸውን ከእንጨት እጀታው ጋር የሚያያይዙት በሙጫ ነው። ብራና የሚጽፉትም በጥቁር ቀለማቸው ውስጥ ሙጫ ይጨምራሉ። እነሱ ጋ ግን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያለ የለም።

ስለ እንዝርት ብዙ አልልም። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ አመልማሎ ሆኖ ተሰጠኝ፤ ከባዱን ሥራ ሌላው ሠርቶታል ማለት ነው። ክሩ በየስንዝሩ ተበጠሰ። ልቃቂቴ የሎሚ ፍሬ ሳያክል ሰኔ አለቀ።

ቀረን ስፌት። ወንድ ከሆኑ አስቀድመው ፊትዎን ያጠንክሩ። ወንድ ልጅ ሸማኔ ሲሆን የሚገረም የለም፤ ወስፌ ይዞ ስንደዶ ሲጠመልል ግን ባጃጅ ቆሞ ያየዋል። ከዚያ አስተማሪ ይፈልጉ። የእኔዋ አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። በሬዚኑ ቀን ጭሱን አይተው «አብሽር ልጄ፣ ቤቱ ካልነደደ ሌላው ይሠራል» ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

«እማማ፣ ሞሰብ መስፋት ያስተምሩኝ» አልኋቸው።

«ሞሰብ?» አሉ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «እስቲ የእንቁላል ማስቀመጫ እንኳ ይውጣህ።»

አክርማውን ውኃ ውስጥ ነክረው አለሰለሱት። ሦስት አራት ዘንግ ስንደዶ ይዘው ጫፉን በአክርማ ጠመጠሙ፣ አጎነበሱት፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን አድርገው ከባቄላ የማትበልጥ ክብ አወጡ። እምብርቱ ይህ ነው፤ ውጥኑ። ወስፌው ብስ ይከፍታል፣ አክርማው ይገባል፣ ይጠብቃል፤ እንደገና ወስፌ። እሳቸው ከእኔ ጋር እያወሩ፣ እጃቸውን ሳያዩ ይሰፋሉ። እኔ ዓይኔን ተክዬ የግራ ጣቴን ወጋሁ። ማጥበቁ አልሆንልህ ቢለኝ በጥርሴ ሳብሁት፤ አክርማው ተሰነጠቀ። ሁለት ዙር በሁለት ቀን ጨርሼ ይዤ ሄድሁ። ተቀበሉኝ፣ ወደ ብርሃኑ አደረጉት፣ በክፍተቱ አሻግረው አዩኝ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ፈቱት። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚባለውን ሰምቼ ነበር፤ የእሳቸው ግን ሥራን ራሱን መፍታት ሆነ። አራት ጊዜ ፈተውታል። በአምስተኛው «እህ» አሉ፤ ሰርተፊኬቴ ይህ ነው።

አለላውን፣ ቀለም የተነከረውን አክርማ ማለቴ ነው፣ ገና አላስነኩኝም። ሐረግ ለማውጣት ቆጠራ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ዙር እየሰፋ ሲሄድ ስንት ስፌት ቀይ፣ ስንት ስፌት አረንጓዴ እንደሚሆን በቃል ነው የሚያዘው። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። እኔ ዲግሪ ይዤ ከሰባት በላይ ስቆጥር እሳሳታለሁ።

ደግሞ አንድ ችግር አለ፤ አክርማዬ አለቀ። ሬዚን ገንዘብ ካለዎት በማንኛውም ወር ይገዛል። አክርማ የሚለቀመው ግን ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ቆላ ሆነን የምንጠብቀውም ከደጋው ነው። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ ምክሬን ተቀብለው ከሆነ ውለታዬን በዚህ ይመልሱልኝ፦ በመስከረም ወደ ደጋ ከወጡ አንድ እቅፍ ይዘውልኝ ይውረዱ። ቤቱን ካላወቁት በሩ ላይ እጀታ ያለው የመስታወት ድንጋይ አለ።